ትሪሙ ወደ ማንሳት አልሄድ ብሎኝ አፍንጫዋም አልነሳ አለች

የቆቦው ሰይድ

ሰላም ጀመዓ እንዴት ከረማችሁ። ሙያው ያላችሁ እስቲ አንዴ እዩልኝ እኔስ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው። ሶስት አመት አለፈኝ ግቢያችን ውስጥ አንድ ሰው የምትይዝ ቀላል አውሮፕላን እየሰራሁ፣ ሞተሯ የራሱን አውሮፕላን እንደሰራው እንደ አስመላሽ ዘፈሩ የቮልስ ነው፣ ጎማዋ ሶስት ነው አንዱ ከፊት። አትቆጡኝ ደሞ፣ አልበረረችም፣ የሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ሳይኖር ጎማዋ መሬት አይለቅም ብዬ ለእናቴም ምዬላታለሁ። አሁን የማደርገው ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው ደረቅ ሜዳ ላይ እኩለ ቀን ፍየሎቹ ጥላ ሲገቡልኝ መሬት ለመሬት ማሮጥ ብቻ ነው፣ የፊት ጎማዋን ትንሽ ከፍ አርጋ እንድትሮጥልኝ።

ችግሩ ትሪሙ ነው፣ ያቺ አፍንጫዋን ከፍ ዝቅ ለማድረግ የምታግዘኝ ጅራቷ ላይ ያለች ትንሽ ታብ። ከዐረብ ሀገር እህቴ የላከችልኝ ዘንጉ የሚወጣና የሚገባ የ12 ቮልት አክቹዌተር አለ፣ እሱን ከመቀመጫው ኋላ አስሬ በብስክሌት ፍሬን ካቦ እስከ ጅራት ወስጄዋለሁ፣ ካቦው ትሪም ታቧን ይስባል ሞላ ደሞ ይመልሳታል። ስቲኩ (መንጃ ዘንጉ) ላይ ሁለት ቁልፍ ነው አንዱ አፍንጫ ማንሻ አንዱ መድፊያ፣ ሁለቱም በየራሳቸው ባለ አምስት እግር የመኪና ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚገለበጥ ማብሪያ) ይሰራሉ። መድፊያውን ስጫን አሪፍ ይሄዳል። ማንሻውን ስጫን ሪሌው ጠቅ ይላል የአክቹዌተሩ ሞተር ግን ጭጭ። ጠቅ የሚለውን ሪሌ ሁለቴ በአዲስ ቀየርኩት ያው ነው። አንዳንዴ ደሞ፣ ይሄ ነው የሚያናድደው፣ በቡጢ ስለው ይሰራና ከዛ መልሶ ይተኛል።

በዚህ የተነሳ አፍንጫዋ አትነሳም። 70 ላይ ስቲኩን እስከ ሆዴ ስቤ የፊት ጎማው አፈሩን እንደነከሰ ነው። በመጨረሻ የሞተሩን ሁለት ሽቦ ገልብጬ በመድፊያው ቁልፍ ትሪሙን ሙሉ ለሙሉ ወደ ማንሳት ወስጄ ሞከርኩ፣ አሁንም ንቅንቅ የለም። ታቧ አቅም አንሷት ነው? ትልቅ ልቁረጥላት? ላሜራው አለኝ።

ወረኢሉ ነኝ

ማሻአላህ ቆቦ!! ደሴ ላይ አውሮፕላን ሲባል ሽማግሌ የሚያነሳው በህዳር 1928 ጣልያን ያዘነበባቸውን ቦምብ ነበር፣ እንግዲህ አሁን የራሳችንን ልናነሳ ነው። ስለ ትሪም ግን እኔ የማውቀው ፀጉር ቤቱን ነው ቅቅቅ። ፎቶ ልቀቅልን።

እትዬ ፊውዝ

ሰይድ ወንድሜ አብሽር። እኔ እዚህ ደሴ አውቶ ኤሌክትሪክ ነው የማስተምረው፣ አውሮፕላን አላውቅም ሪሌ ግን የትም ሪሌ ነው። በከንቱ ነው የቀየርከው፣ ሁለቴም የቀየርከው ጤነኛውን ነው።

እስቲ ወረቀት አውጣና ሳለው። በሁለቱም ሪሌ ላይ 30 ቁጥር እግር ወደ ሞተሩ ነው የሚሄደው፣ 87 ፖዘቲቭ ነው፣ 87ኤ ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ መመለሻው) ነው። ምንም ሳትጫን ሁለቱም የሞተር ጫፎች በ87ኤ በኩል ማሳ ላይ ተቀምጠዋል። ማንሻውን ስትጫን የማንሻው ሪሌ ጠቅ ብሎ አንዱን ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ ያዞረዋል። ሌላኛው ጫፍ ማሳውን የሚያገኘው ከየት ነው? ዝም ብሎ ከተቀመጠው ከመድፊያው ሪሌ! እዛ ጋ 87ኤው ከተቃጠለ ወይ የማሳው ሽቦ ከላላ ጠቅ የሚለው የፈለገ አዲስ ቢሆን ሞተሩ አይዞርም፣ መመለሻ የለውማ። መድፊያውን ስትጫን ደሞ ተራው ይገለበጥና ማሳውን የሚሰጠው የማንሻው ሪሌ ይሆናል፣ እሱ ደህና ስለሆነ ይሰራልሃል። በቡጢ ስትለው መስራቱም የሆነ የላላ ነገር እንዳለ ነው የሚነግርህ።

አሁን ይሄን አድርግ። የሞተሩን ሁለት ሽቦ ከሪሌዎቹ ንቀል፣ ካልነቀልክ በሞተሩ በኩል ዞሮ ያታልልሃል። ከዛ የመኪና ፍሬን አምፖል ባለ 21 ዋት ፈልግ፣ አንዱን ጫፍ ፖዘቲቭ ላይ ሌላውን የመድፊያው ሪሌ 30 ቁጥር ላይ ያዝ፣ ምንም ቁልፍ ሳትጫን። ቦግ ካለ ማሳው ደህና ነው፣ ፈዘዝ ካለ ወይ ከነጭራሹ ካልበራ እዛው ጋ ነው በሽታህ። በቴስተር ብቻ እንዳትለካ፣ አንድ ክር ብቻ የቀረላት ሽቦ ስራ ካልሰጠሃት 12 ቮልት ሙሉ ታሳይሃለች፣ ስንቱን ተማሪ አስለቅሳለች መሰለህ።

ጡረተኛው ከኮምቦልቻ

ልጄ ሰይድ፣ ላሜራህን አስቀምጥ አትቁረጥ። እኔ ከአውሮፕላን ጅራት ስር ተኝቼ ነው ያረጀሁት፣ እና አንተ ሁለት በሽታ ባንድ ላይ ይዘህ አንዱን በሌላው እያሳበብክ ነው። የኤሌክትሪኩን እህትህ እትዬ ፊውዝ ጨርሳዋለች እጇን ይባርከው።

ትሪም እጅህን ማሳረፊያ ነው፣ ስቲኩን እንደያዝክ እንዳትደክም፣ በቃ ሌላ ስራ የለውም። ታቧ ወደ ታች ስትወርድ ንፋሱ እሷን ወደ ላይ ይገፋና ኤሌቬተሩን (ታቧ ያለችበትን ተንቀሳቃሽ የጅራት ክንፍ) አብሮ ያነሳዋል፣ ያኔ አፍንጫ ወደ ላይ ይሄዳል። (እግረ መንገድህን ይሄንንም እይ፣ ማንሻውን ስትጫን ታቧ ወደ ታች ነው መውረድ ያለባት፣ ገልብጦ የሚያስር ሰው ብዙ ነው።) አንተ ግን ስቲኩን እስከ ሆድህ ስበህ ኤሌቬተሩ ማቆሚያው ጋ ደርሷል። ከዛ ወዲያ ታቧ የምትጨምርልህ ነገር የለም፣ እንዲያውም ኤሌቬተሩ ወደ ላይ ታጥፎ እሷ ብቻዋን ወደ ታች ስለዞረች ከጅራቱ ጉልበት ትንሽ ትቀንስብሃለች። ትልቅ ብትቆርጥላት የባሰ ነው።

እንግዲህ ሙሉ ኤሌቬተር ሰጥተሃት ካልተነሳች ወይ ፍጥነቷ አልደረሰም ወይ አፍንጫዋ ከብዷል። 70 ያልከውን በምን ለካኸው? በስልክ ከሆነ እሱ የመሬት ፍጥነት ነው። ቆቦ ከባህር ወለል 1500 ሜትር ገደማ ነው፣ እኩለ ቀን 32 ዲግሪ ሲሆን አየሩ የሚሳሳው 8 ሺህ ጫማ ላይ የወጣህ ያህል ነው፣ ስልክህ 70 ሲል ክንፍና ጅራቱ የሚሰማቸው 62 ገደማ ነው። ሞተሩም በዛው ልክ ይደክማል። ፍየሎቹን አንድ ልጅ ይጠብቅልህና ማለዳ ሩጥ።

ሁለተኛው ሚዛን ነው። መዝነሃታል? የፊት ጎማ ያላት አውሮፕላን ከክብደቷ አስር አስራ አምስት ከመቶ ያህሉን ነው ፊት ላይ የምትጥለው፣ ከዛ በጣም ካለፈ ትሪም አይደለም ዊንች አያነሳትም። ሶስት ሚዛን የለኝም እንዳትለኝ፣ አንድ የእህል ሚዛን ይበቃል። አንዱን ጎማ ሚዛኑ ላይ ስታወጣ ሌሎቹ ስር እንደ ሚዛኑ ቁመት ጣውላ አድርግ፣ ቀጥ ብላ እንድትቆም፣ ከዛ እያቀያየርክ ሶስቱንም መዝን። አንተ ተቀምጠህባት፣ ቤንዚን ሞልተህ፣ ቤት ውስጥ በር ተዘግቶ፣ ንፋስ ክንፏ ስር ከገባ ቁጥሩ ይዋሽሃል። ከፊት ጎማው እምብርት እስከ ኋላዎቹ እምብርት ቱምቢ አውርደህ ለካ። የኋላዎቹን ክብደት ደምረህ በርቀቱ አባዛው፣ ለጠቅላላው ክብደት አካፍለው። የሚወጣው ሲጂው (የክብደቷ መሀል) ከፊት ጎማው ስንት ወደ ኋላ እንዳለ ነው። ቁጥሩን አምጣልኝ።

ያ ካቦና ሞላ ያልከውን ደሞ አልወደድኩትም፣ እመለስበታለሁ።

የሀይቅ ልጅ ካሊፎርንያ

ሰላም ለናንተ ይሁን የሀገሬ ልጆች፣ ይሄን ሳነብ እንዴት እንደናፈቃችሁኝ። እኔ እዚህ ጋራዥ ውስጥ አንድ ሰርቼ ነው የምበርው፣ ኤክስፐርመንታል ተብሎ ይመዘገባል፣ ከግማሽ በላይ ስራውን ራስህ መስራት አለብህ፣ መጀመሪያ ደሞ ብዙውን ጊዜ 40 ሰአት፣ ሞተርና ፕሮፔለሩ አብረው የተመሰከረላቸው ከሆኑ 25 ሰአት፣ በተወሰነልህ ቦታ ብቻ ነው የምትፈትነው።

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው እኔ የምጨምረው ከራሴ የደረሰብኝን ነው። አንድ ቀን ከሰአት ቀጥ ብዬ እየበረርኩ፣ ፍጥነቴ 140 ኖት ገደማ፣ ትሪሙን ትንሽ ወደ መድፋት ነካ አደረግኩት፣ ቁልፉ ተጫነና እዛው ተጣብቆ ቀረ። መጀመሪያ አልገባኝም፣ ስቲኩ ከበድ ከበድ ይላል፣ ከዛ እየባሰ ሄደ፣ አፍንጫው ይሰግዳል፣ ሁለት እጄን አስገብቼ ስስብ ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። እና ሰው እንደዛ ሲሆን ስቲኩን ብቻ ነው የሚያየው፣ ሞተሩን መቀነስ የመጣልኝ ቆይቶ ነው። ፍጥነት ሲቀንስ የስቲኩ ክብደት በጣም ነው የሚቀንሰው፣ ፍጥነቱ ግማሽ ቢሆን ታቧ ላይ ያለው የንፋስ ጉልበት ሩብ ይሆናል። ቀነስኩ፣ አንድ እጄ ተለቀቀልኝ፣ የትሪሙን ብሬከር ነቀልኩ፣ ቆመ። መሬት ወርጄ እጄ ሲንቀጠቀጥ የመኪናዬን በር መክፈት አቅቶኝ ነበር።

እና ሰይዶ ጥያቄዬ፣ የትሪሙ ፊውዝ የት ነው ያለው? ቀበቶ ታስረህ ሳታይ በእጅህ ዳብሰህ የምታገኘው ቦታ ነው? ሞተሩስ ከጫፍ ጫፍ በስንት ሰከንድ ይሄዳል? በጣም ከፈጠነ ሳታውቀው ጫፍ ይደርሳል፣ ሃያ ሰከንድ ገደማ ቢፈጅ ጥሩ ነው። ካቦውን ግን ተወው በቃ፣ አክቹዌተሩን ራሱ ኤሌቬተሩ ውስጥ አስገባው፣ እዚህ ኪቶቹ (ተገጣጣሚ አውሮፕላኖቹ) እንደዛ ነው የሚያደርጉት፣ አጭር ዘንግ ታቧን ይገፋል ይስባል አለቀ።

ጡረተኛው ከኮምቦልቻ

የሀይቁ ልጅ እግዜር አተረፈህ። ግን ለዚህ ልጅ አክቹዌተሩን ኤሌቬተር ውስጥ አስገባ አትበለው። ያንተ ኪት ሲነደፍ ያ ክብደት ታስቦ ፊት ላይ ማመዛዘኛ እርሳስ ተደርጎለታል። ይሄ ልጅ ከማጠፊያው ኋላ ግማሽ ኪሎ ብረት ቢጨምርበት ኤሌቬተሩ ጭራው ይከብድና በፍጥነት ጊዜ መርገብገብ ይጀምራል፣ መርገብገብ ማለት ደሞ ምን እንደሆነ ታውቃለህ፣ ጅራት በሰከንዶች ውስጥ ይበጣጠሳል። ከማይንቀሳቀሰው የጅራት ክንፍ ውስጥ ይሰር፣ ከዛ በአጭር ዘንግ።

ካቦና ሞላውን ያልወደድኩትም ለዚሁ ነው። የብስክሌት ካቦ ይስባል እንጂ አይገፋም፣ ባንድ በኩል ታቧን የያዛት ሞላው ብቻ ነው። ሰይድ፣ አሁን ሂድና ስቲኩን አስይዝ፣ የታቧን ጫፍ በሁለት ጣትህ ይዘህ ወደ ላይ ወደ ታች ነቅንቃት። ሞላው ለጣትህ ከተሸነፈ ለንፋስ ምን ሊሆን ነው?

የቆቦው ሰይድ

ጋሼ አንቱ ባይኖሩ ኖሮ ላሜራውን ትናንት ቆርጬው ነበር። ነቀነቅኳት፣ እውነት ነው ትሄዳለች፣ ወደ አንድ ሴንቲ።

እትዬ ፊውዝ እጅሽ አይንቀጥቀጥ!! አምፖሉ እንደ ሲጋራ ጫፍ ቀላ ብሎ ቀረ። ተከትዬ ስሄድ የመድፊያውን ሪሌ ማሳ ያሰርኩት ከመቀመጫው ብረት ጋ ነው፣ የማንሻውን ከባትሪው ጋ፣ ለምን ለያይቼ እንዳሰርኩ እኔም አላውቅም ሽቦ ስላጠረኝ ይሆናል። ቡሎኑን ስፈታው ሮንዴላው ስር ምን ባገኝ ጥሩ ነው፣ የኔው ሰማያዊ ቀለም! አምና ብረቱን ለውበት ብዬ ስቀባ ሮንዴላውን አንስቼ ቀብቼ መልሼ አስሬዋለሁ፣ ቡሎኑ ጥርስ ላይ በነካካት በኩል ብቻ ነበር የሚያልፈው። በአሸዋ ወረቀት ፈትጌ አሰርኩት ማንሻውም መድፊያውም እኩል ይሰራል አሁን። ለሁለት ሪሌ የከፈልኩት ብር ግን ሆዴን ቆረጠኝ።

ፊውዙ ከመቀመጫው ኋላ ነበር። አሁን ወደ ዳሽቦርዱ ግራ በኩል አምጥቼ ከጎኑ ማጥፊያ ቁልፍ አደረግኩበት፣ አይኔን ጨፍኜ አስር ጊዜ ተለማመድኩ፣ ታናሽ ወንድሜ እየሳቀብኝ።

ሚዛኑን ነገ።

እትዬ ፊውዝ

አሜን። ሁለቱንም ማሳ አንድ ቦታ ሰብስበህ በቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ውሰዳቸው እንጂ በብረቱ አትመን፣ ነገ ደሞ ሌላ ቀለም ይጀምርሃል።

የቆቦው ሰይድ

መዘንኳት። አንድ የማውቀው የእህል ነጋዴ መጋዘኑን ማታ ከፈተልኝ፣ ክንፏን ፈትተን በአይሱዙ ወስደን እዛው መልሰን ገጠምናት፣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አጀበን። ፊት 78፣ ግራ 117፣ ቀኝ 115፣ ድምር 310 ኪሎ እኔን ጨምሮ። ርቀቱ 1 ሜትር ከ40። 232 ሲባዛ በ1.40 ሲካፈል ለ310፣ 1 ሜትር ከ5 ሴንቲ ወጣልኝ። ክንፏ ከፊት ጎማው 92 ሴንቲ ላይ ይጀምራል ከፊት ወደ ኋላ ስፋቷ 130 ሴንቲ ነው፣ ስለዚህ ሲጂው ክንፏ ውስጥ 13 ሴንቲ ብቻ ነው የገባው፣ 10 ከመቶ። ንድፉ የሚለው ከ18 እስከ 28 ነው። ያረቢ!

ጋሼ እንዳሉት ነው፣ ሩቡ ክብደት ፊት ላይ ነው ያለው። እኔ ደሞ ስታርተር ጨምሬ፣ የመኪና ባትሪ 14 ኪሎ ሞተሩ ስር ወሽቄ። ነጋዴው ሂሳብ ሲለኝ "3 ኩንታል ከ10 ኪሎ፣ ማስመዘኛ እንደ ጤፍ ነው የምትከፍለው" ብሎ ሙጭጭ አለ፣ ቀልድ መስሎኝ ስስቅ ተቀበለኝ።

ጡረተኛው ከኮምቦልቻ

ሃሃ እሱ ነጋዴ ነው፣ ምን ይጠበስ። በል ባትሪውን ወደ ኋላ ውሰደው። ከፊት ጎማው 30 ሴንቲ ቀድሞ ነው ያለው አይደል? ከመቀመጫው ኋላ፣ ከፊት ጎማው 2 ሜትር ከ20 ላይ ብታስረው ሁለት ሜትር ተኩል ተጓዘ ማለት ነው፣ 14 በ2.5 ሰላሳ አምስት፣ ለ310 ስታካፍለው ሲጂው 11 ሴንቲ ወደ ኋላ ይሄድልሃል። 1 ሜትር ከ16 ላይ ይቀመጣል፣ 18 ከመቶ ከፍ ብሎ። ጠርዝ ላይ ነው ግን ውስጥ ነው። ከዛ ቤንዚኑ ባዶ ሆኖም መዝናት፣ ታንከሩ ያለበት ቦታ ወዴት እንደሚወስድህ ማወቅ አለብህ፣ ወደ ኋላ ማለፍ ከፊት መክበድ ይብሳል፣ አፍንጫዋ የከበደች መሬት ላይ ታስቸግርሃለች፣ ጭራዋ የከበደች ግን አየር ላይ ነው የምትክድህ። ባትሪውን ደሞ በብረት ቀበቶ እሰረው፣ በላስቲክ ገመድ ያሰርክ እንደሆነ ከኮምቦልቻ ተነስቼ እመጣለሁ።

እትዬ ፊውዝ

ገመዱ ስለረዘመ ለስታርተሩ ወፍራም ሽቦ ነው የሚያስፈልግህ፣ የድሮውን አትቀጥል። ለሌላው መስመር ሁሉ የሚሆነውን ዋና ፊውዝ ደሞ ባትሪው አጠገብ አድርገው፣ መሀል መንገድ ላይ ሽቦ ቢላጥ ብረቱን ሁሉ እሳት ያደርገዋል።

የቆቦው ሰይድ

ጀመዓ!!! ዛሬ ጠዋት 12 ሰአት ተኩል ላይ፣ ብርድ ነበር፣ አጎቴ ፍየሎቹን ይዞልኝ። ትሪሙን መሀል ላይ አድርጌ ሄድኩ፣ ስልኩ 66 ሲል ስቲኩን ቀስ ብዬ ሳብኩት፣ ሙሉ እንኳን አልሳብኩትም፣ የፊት ጎማው መንቀጥቀጡ በእግሬ ስር ድንገት ጠፋ። ዝም አለ። ወንድሜ ከጎን በሞተር ሳይክል እየተከተለ ሁለት ጣት ያህል ተነስቷል ብሎ ይጮሃል፣ ወዲያው ጋዙን ለቀቅኩ መልሳ ቁጭ አለች። ወላሂ አለቀስኩ።

ባትሪው በብረት ቀበቶ ነው ጋሼ አይምጡብኝ። ማለቴ ይምጡ፣ ለቡና።

ጡረተኛው ከኮምቦልቻ

እንኳን ደስ ያለህ ልጄ። ሞላውን አንስተህ ዘንግ ቀየርክበት? ኮፒሊያውስ (የዘንጉ መያዣ ፒን) ገብቷል?

የቆቦው ሰይድ

ገና ነው ጋሼ፣ ዘንጉን ብረት ቤት አዝዣለሁ ቅዳሜ ይደርሳል።

ጡረተኛው ከኮምቦልቻ

እንግዲያው እስከ ቅዳሜ ቤት ትደር፣ ቁልፉንም ለእናትህ ስጣቸው።